ገልብጣችሁ አንብቡት፤ የውበት መጠበቂያ ምርቶችና ሕጋችን

ለዚህ እትም ገላጭ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ሲነገረን የክፍል ጓደኞቼ ስለ ቡና፣ ስለ ማርና ስለ ጫካችን ለመጻፍ ተሻሙ። እኔ ግን ከአክስቴ ቤት ያመጣኋትን አንዲት የክሬም ብልቃጥ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ እሷን እያየሁ ነው የጻፍኩት። ብልቃጧ ነጭ ፕላስቲክ ናት። ክዳኗ ላይ የአንዲት ቆንጆ ሴት ፎቶ ተለጥፏል። ሌላ ምንም የላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚዛንም ሆነ በቴፒ ቡና ሲለቀም ገንዘብ ይታያል። ገንዘብ ሲታይ ደግሞ ገበያው ይሞቃል፤ ልብሱ፣ ጫማው፣ ቅባቱ በያይነቱ ይዘረጋል። ባለፈው ዓመት በለቀማው ወቅት አንድ ነጋዴ "አንተ ጋዜጠኝነት ነው አይደል የምትማረው? ድምፅህ ጥሩ ነው" ብሎ በሞንታርቦ እንዳስተዋውቅለት ጠየቀኝ። ወረቀት ሰጠኝ። "ፊት የሚያጠራ፣ ማዲያት የሚያጠፋ፣ ብጉር የሚያደርቅ፣ በአንድ ሳምንት ለውጡን የሚያዩት!" እያልኩ ግማሽ ቀን ጮህኩ። አራት መቶ ብር ተከፈለኝ። ምን ልበላችሁ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ጥር ላይ ልትዳር የነበረችው የአክስቴ ልጅ የዚያን ቀን ገበያ ውስጥ ነበረች። ድምፄን ሰምታ ገዛች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቷ እውነትም አበራ፤ ሁላችንም አደነቅን። ከዚያ ቆዳዋ ሳስቶ መቅላት፣ መንደድ ጀመረ። ፈርታ ስታቆመው ደግሞ ባሰባት። ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃት "የተቀባሽው ምንድን ነው? ማሸጊያውን አምጡልኝ" ብሎ ነው። ያቺን ብልቃጥ አቀረብን። አገላብጦ አያት፣ ሸተታት፣ መለሰልን። "ስቴሮይድ ያለበት ይመስለኛል፤ ግን ምንም ያልተጻፈበትን ነገር በምን ላውቅ እችላለሁ?" አለ። ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ልጄ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ጥሩ ነው ያልከው?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የማስተዋውቀውን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ገልብጬ አላየሁትም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሕጉ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚል ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

ለመሆኑ የውበት መጠበቂያ ማለት ምንድን ነው?

እኛ በተለምዶ ኮስሞቲክስ የምንለውን ሕጋችን የውበት መጠበቂያ ይለዋል። ሐሳቡ ባጭሩ ሲቀመጥ፣ ለማጽዳት፣ ለማስዋብ ወይም መልክን ለመለወጥ በሰውነት ላይ የሚቀባ፣ የሚፈስ፣ የሚነሰነስ ወይም የሚረጭ ነገር ማለት ነው። ስለዚህ ሊፒስቲክና ሽቶ ብቻ አይደለም። የገላ ሳሙና፣ ሻምፖ፣ ቫዝሊን፣ ዲዮድራንት፣ የፀጉር ቀለም፣ የሕፃናት ፓውደር ሁሉ እዚሁ ውስጥ ይገባል። "እኔ ኮስሞቲክስ አልጠቀምም" የሚሉ የዶርም ጓደኞቼ ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን በምን እንደሚታጠቡ ያስቡበት።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ድንበር አለ። በሽታን ለማከም ወይም ለመከላከል የሚውል ነገር የውበት መጠበቂያ መሆኑ ይቀርና መድኃኒት ይሆናል። መድኃኒት ደግሞ ሌላ ሕግ፣ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ሻጭ አለው። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባሉ ስቴሮይዶች ያሉበት ክሬም የፈለገውን ያህል የሚያምር ስም ቢለጠፍበት መድኃኒት ነው፤ ሐኪም ለተወሰነ ሕመም፣ ለተወሰነ ቀን የሚያዘው። እኔ በሞንታርቦ "ማዲያት ያጠፋል፣ ብጉር ያደርቃል" ስል ሳላውቀው የመድኃኒት ወሬ እያወራሁ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ የማዳን ተስፋ ገበያ መሐል ሲሰማ ገና ከጅምሩ ሊያጠራጥረን ይገባል።

አዋጆቹ ምን ይላሉ?

በአገራችን ይህን ጉዳይ በዋናነት የሚመለከተው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661/2002 ቁጥጥሩን በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር አሰባሰበ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጣ፤ ምግብን፣ መድኃኒትን፣ የሕክምና መሣሪያን፣ ትምባሆንና የውበት መጠበቂያን አንድ ላይ ያያል። የሕጉ መንፈስ ግልጽ ነው። የውበት መጠበቂያ የሚያመርትም ሆነ ከውጭ የሚያስገባ ሰው ሊታወቅና ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ምርቱም ለተጠቃሚው ደኅንነቱ የተጠበቀ መሆን አለበት። ሱቅና ገበያ ወርዶ የችርቻሮውን ንግድ መቆጣጠር በአብዛኛው የክልሎች የጤና ተቆጣጣሪዎች ሥራ ነው።

ሁለተኛው በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። ይህ አዋጅ ስለ ክሬም ብቻ አይናገርም፤ ስለሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ነው። ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነጋዴው ደግሞ በዕቃው ላይ ገላጭ ጽሑፍ፣ እኛ ሌብል የምንለውን ማለት ነው፣ የመለጠፍ ግዴታ አለበት። በጽሑፉ ላይ እንዲሰፍሩ ከተዘረዘሩት መካከል የዕቃው ስም፣ የተሠራበት አገር፣ ክብደቱ ወይም መጠኑ፣ የተሠራበት ነገር፣ የአጠቃቀሙ ሁኔታ፣ ሊወሰድ የሚገባው ጥንቃቄ፣ የአምራቹ ወይም የአስመጪው ስምና አድራሻ፣ የተመረተበትና አገልግሎቱ የሚያበቃበት ጊዜ ይገኙበታል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ያለችውን ብልቃጥ አንሥቼ አንድ በአንድ አመሳከርኳት። ስም? የለም። አገር? የለም። መጠን? የለም። አድራሻ? የለም። ቀን? የለም። ፎቶ ብቻ።

ሌብል ለምን አስፈለገ?

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ "እናቶቻችን ለጋ ቅቤ ሲቀቡ፣ እንሶስላ ሲሞቁ ኖረው የለ? በየትኛው ሌብል?" ሊለኝ ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አክስቴ ፀጉሯን የምትቀባውን ቅቤ የምታመጣላትን ሴት ታውቃታለች። ላሟን ታውቃለች። ቅቤው ቢበላሽ ሄዳ በስሟ ጠርታ ትወቅሳታለች። ሌብል የሚያስፈልገው ይህ መተዋወቅ ሲቋረጥ ነው። ክሬሙን የሠራው ሰው በየት አገር፣ በየትኛው ጎዳና እንዳለ አላውቅም። ስለዚህ በዕቃው ጀርባ ላይ "የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አድራሻዬ ይህ ነው፤ ውስጡ ያለው ይህ ነው" ብሎ ቃሉን ይሰጠኛል። ቃሉ ከሌለ የምጠይቀው ሰው የለኝም ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ እናውቀዋለን የምንለው የተፈጥሮ ነገርም ከእጃችን ያመልጣል። ለምሳሌ ሂና በተፈጥሮው ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ለሠርግ የሚፈለገው "ጥቁር ሂና" ብዙ ጊዜ የሚጠቁረው የፀጉር ቀለም ውስጥ ያለ ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል ሲገባበት ነው፤ ይህ ኬሚካል ቆዳ ላይ ሲደረግ ቆዳን ሊያቆስል ይችላል።

ለእኛ ለቡና አገር ልጆች ነገሩ አዲስ መሆን አልነበረበትም። ከየኪም ሆነ ከበበቃ የሚወጣ ቡና እኮ ያለ ወረቀት አይሄድም። ይመዘናል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይሰጠዋል፣ የመጣበት አካባቢ ይመዘገባል። ወደ ውጭ የሚላከው ጆንያ ላይ የአገሩ ስምና የጭነቱ ቁጥር ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ በማለቷ ወደዚያ ይላክ የነበረው ቡና ክፉኛ ቀንሶ ነበር። በወቅቱ ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ጆንያው ራሱ ነው። የጃፓኑ ገዥ ገበሬውን አያውቀውም፤ ግን መርምሮ "ይህ ከየት መጣ?" ብሎ መጠየቅ ችሏል። እኛ ግን በዚያው ቡና ገንዘብ ፊታችን ላይ የምንለጥፈውን ነገር ስንገዛ ከየት መጣ ብለን አንጠይቅም።

ሌሎች አገሮችም ይህን ሕግ ያገኙት ዋጋ ከፍለው ነው። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1972 "ታልክ ሞራንዥ" በተባለ የሕፃናት ፓውደር ውስጥ ሄክሳክሎሮፊን የተባለ ጀርም ገዳይ ኬሚካል በስሕተት ከመጠን በላይ ገብቶ 36 ሕፃናት ሞቱ። ከልጅ ገላ ላይ የሚነሰነስ ፓውደር! ፈረንሳይ በ1975 ስለ ውበት መጠበቂያዎች ጠንካራ ሕግ አወጣች፤ በ1976 ደግሞ የአውሮፓ አገሮች የጋራ መመሪያ ተከተለ። በአሜሪካ በ1930ዎቹ "ላሽ ሉር" የተባለ የቅንድብና የሽፋሽፍት ቀለም ሴቶችን ካሳወረና አንዲት ሴት ከሞተች በኋላ፣ በ1938 የወጣው ሕግ የውበት መጠበቂያዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ በፌዴራል ቁጥጥር ሥር አስገባ።

ገልብጠን ስናነብ ምን እንፈልግ?

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት የሚሸጡ ምርቶች ብዙዎቹ ወደ እኛም ገበያ ስለሚመጡ የጽሑፉን አደራደር ማወቅ ይጠቅማል። ይዘቱ የሚዘረዘረው ከብዙ ወደ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ላይ "አኳ" ከተባለ አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው ማለት ነው። ከመቶ አንድ እጅ በታች የሆኑት መጨረሻ ላይ ያለ ቅደም ተከተል ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ፊት ለፊት "በማር የበለጸገ" የሚል በትልቁ ተጽፎ ማሩ የዝርዝሩ ጅራት ላይ ቢገኝ አትገረሙ።

ክዳኑ የተከፈተ የብልቃጥ ሥዕልና ውስጡ 6 ወይም 12 ቁጥር አይታችሁ ይሆናል። እሱ ምርቱ ከተከፈተ በኋላ ለስንት ወር ማገልገል እንደሚችል ይናገራል። ፋብሪካው የመደበው የምርት ዙር ቁጥር ደግሞ፣ ባች ቁጥር የሚባለው፣ ለእኛ ትርጉም የሌለው ቢመስልም ችግር ሲፈጠር የትኛው ምርት ከገበያ ይሰብሰብ የሚለው የሚለየው በእሱ ነው። ሐኪሙ ብልቃጧን ሲያገላብጥ ይፈልገው የነበረው እንዲህ ያለውን ምልክት ሁሉ ነው።

ስማቸውን መያዝ ያለብን ሦስት ነገሮች

አንደኛው ሜርኩሪ ነው፤ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት። ቆዳ ያነጣል፤ ግን ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ከተቀባው ሰው ፎጣና እጅ ተነሥቶ በአንድ ቤት ላሉ ሕፃናትም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው የውበት መጠበቂያዎች እስከ 2020 እንዲቀሩ ወሰነ። በ2023 ጄኔቫ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ ያቺ ጠባብ ቀዳዳም ተዘጋች፤ ሜርኩሪ የተጨመረበት የውበት መጠበቂያ በሙሉ እስከ 2025 እንዲቆም ተስማሙ። በሌብል ላይ "ካሎሜል"፣ "ሜርኩሪክ"፣ "ሜርኩረስ ክሎራይድ" በሚሉ ስሞች ሊመጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የጠቆመው አንድ ምልክትም አለ። "ከብር፣ ከወርቅ፣ ከአልሙኒየም ወይም ከጌጣጌጥ ጋር አታነካኩ" የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ሜርኩሪ ጠርጥሩ። ቀለበትን የሚያበላሽ ነገር ፊት ላይ ምን ይሠራል?

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ሐኪም ለማዲያት ሊያዘው ይችላል። ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ግን ቆዳው ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁረት ሊያወጣ ይችላል፤ ለመንጣት የተቀቡት ሲያጠቁር ማለት ነው። በደቡብ አፍሪካ ይህ ጉዳት በብዙ ሰው ላይ ታይቶ አገሪቱ በ1990 የማንጫ ክሬሞችን በሕግ ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2001 ጀምሮ ለቆዳ ማንጫ እንዳይውል አግዷል።

ሦስተኛው ቀደም ብዬ ያነሣሁት ስቴሮይድ ነው። ተንኮሉ መጀመሪያ ላይ ማስደሰቱ ነው። መቅላትን ያጠፋል፣ ፊትን ያለሰልሳል። እየቆየ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል፤ በድንገት ሲቆም ደግሞ ቆዳው ይነዳል። የአክስቴ ልጅ ላይ የሆነው ከዚህ ጋር አንድ ነው። "ሳቆመው ባሰብኝ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ ሐኪም እንጂ ወደዚያው ክሬም አትመልሱት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ስንገዛ ገልብጠን እናንብብ። ሌብሉ እኛም ሻጩም በማናነበው ቋንቋ ብቻ ከተጻፈ መረጃ አግኝተናል ማለት አይቻልም። ሌብል በሌለው ዕቃ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ክሬም የፈለገውን ያህል ቢመሰገን እንተወው። ማሸጊያውንና ደረሰኙን አንጣል፤ ከጎዳን ለሐኪሙም ለከሳሹም ማስረጃው እሱ ነው። የተጠራጠርነውን ምርት ደግሞ ለባለሥልጣኑ በ8482 ነፃ የስልክ መስመር ወይም በአካባቢያችን ላለው የጤና ተቆጣጣሪ መጠቆም ይቻላል። "ማን ይሰማናል?" የሚሉ አሉ። ማንም ካልጠቆመ ግን ተቆጣጣሪው ቴፒ ገበያ ውስጥ አንዲት ብልቃጥ እንዳለች በምን ያውቃል?

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ስለ መድኃኒት በሚነገር ማስታወቂያ ላይም ልዩ ገደብ ያደርጋል። ነገ ሬዲዮ ጣቢያ ገብተን ስፖንሰር የላከውን ወረቀት የምናነበው እኛው ነን። "እኔ ያነበብኩት የተሰጠኝን ነው" የሚለው ምክንያት አክስቴ ፊት አልሠራልኝም፤ ሌላም ቦታ የሚሠራ አይመስለኝም። ሕዝቡ የሚያምነው ነጋዴውን አይደለም፤ ድምፁን ነው። የአክስቴ ልጅ ነጋዴውን አታውቀውም ነበር። እኔን ግን ታውቀኛለች።

ስለዚህ ዜና ስንጽፍ "ምንጩ ማነው?" እንደምንለው ሁሉ ማስታወቂያም ስናነብ "አምራቹ ማነው? ፈቃዱ የታለ? ውስጡ ምን አለ?" እንበል። ሦስት ጥያቄ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይወስድም።

ሠርጉ ወደ ሚያዝያ ተላልፎ በሰላም ተፈጸመ። ሙሽራዋ በሐኪም ክትትል ፊቷ ብዙ ተሽሏል፤ ጉንጯ ላይ ግን አሁንም ትንሽ ምልክት አለ። ከአራት መቶው ብር የቀረችኝን ለመጓጓዣዋ ሰጥቻታለሁ። ብልቃጧን ደግሞ "ለትምህርቴ እፈልጋታለሁ" ብዬ ለምኜ ወሰድኳት። ይህን ጽሑፍ ካያችሁ በኋላ የክፍላችን ማስታወቂያ ቦርድ አጠገብ አስቀምጣታለሁ፤ ኑና ገልብጣችሁ እዩዋት።

ቸር እንሰንብት።